ብቻውን የሚገነባ ልጅ ብቸኛ ነውን?

(በታልፒዮት ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለአንባቢያን በጽሑፍ የቀረበ)



የዛሬው ርእሴ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ሰበብ በየቤታችን ጭቅጭቅ ይነሣል፤ በር በኃይል ይዘጋል፤ እናት ታዝናለች፤ ልጅ ያኮርፋል። ስለሆነም ጉዳዩ የልጆች ብቻ ሊሆን አይችልም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉ ይገባና በኮምፒዩተሩ ላይ ቤት ይሠራል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ዋሻ ይቆፍራል። እኩዮቹ በኢንተርኔት ተጠራርተው አንድ ላይ ሲጫወቱ እርሱ ብቻውን ነው። ‹ለምን ከጓደኞችህ ጋር አትጫወትም?› ብለው ‹ብቻዬን ይሻለኛል› ይለኛል። ልጄን ምን ነክቶት ይሆን?»

መልሴን አላዘገይም። ብቻውን የሚገነባ ልጅ ሁሉ ብቸኛ አይደለም። ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው፣ ልጁ የሠራውን የሚያይለት ሰው ያጣ እንደሆነ ነው። ይህን አሳብ በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ግን የወላጆች ሥጋት ከንቱ እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። እኛ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል»፣ «አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ» እየተባለልን ያደግን ሰዎች ነን። በአገር ቤት አጨዳው በደቦ፣ እርሻው በወንፈል፣ ለቅሶው በጎረቤት ነበር። በ1984 በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡት ወገኖቻችን ያን በረሃ ያቋረጡት ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ መንደር ከመንደር ተያይዘው ነው። ዛሬም በየዓመቱ ሔሽቫን 29 ቀን፣ ከዚሁ ከሠፈራችን አጠገብ፣ በአርሞን ሃናጺቭ በሚገኘው የመናፈሻ መንገድ ላይ ለስግድ በዓል እንሰበሰባለን። ቄሶቻችን በጃንጥላቸው ሥር ሲጸልዩ ሕዝቡ ተጠጋግቶ ይቆማል። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል «ብቻዬን ይሻለኛል» የሚል ልጅ ሲገኝ ወላጁ ቢደነግጥ አያስገርምም።

ታዲያ ልጁ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው? ከእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ በይበልጥ የታወቀው ማይንክራፍት ይባላል። ማርኩስ ፐርሶን የተባለ ስዊድናዊ በ2009 የመጀመሪያውን ቅጂ ለሕዝብ አቀረበ፤ ሙሉው ጨዋታ በ2011 ወጣ። በ2014 ማይክሮሶፍት ጨዋታውን የሠራውን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ደግሞ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡ ተነገረ። በጨዋታው ውስጥ ያለው ዓለም በአብዛኛው የተሠራው አራት ማዕዘን ከሆኑ ኩቦች ነው። እያንዳንዱ ኩብ በጨዋታው ስሌት ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ነው። ልጁ አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ እንጨቱን አንድ በአንድ እያነሣ ያሻውን ይሠራል። ቢፈልግ ሌሊት ከሚወጡ ጭራቆች ራሱን እየጠበቀ፣ የሚበላውን እየፈለገ ይጫወታል፤ ቢፈልግ ደግሞ ጠላትም ረኃብም በሌለበት ዕቃው ሳያልቅበት ይገነባል። ይህን ሥራ ብለህ የሚያዝዘው የለም። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ፈረንጆች «ሳንድቦክስ» ይሉታል፤ የአሸዋ ሳጥን ማለታቸው ነው። በመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ልጆች ተቀምጠው አሸዋ የሚቆልሉበትን ቦታ አስቡት።

ይህ ጨዋታ በሁለት መንገድ ይኬዳል። አንደኛው፣ ዓለሙ በልጁ በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ እርሱ ብቻውን የሚገባበት ነው። ሁለተኛው፣ ዓለሙ በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር በሚባለው ላይ ሆኖ፣ ብዙ ሰዎች ከያሉበት በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚገቡበት ነው። ብቻውን መገንባት የሚመርጥ ልጅ የራሱ ምክንያቶች አሉት። ከእነዚህ አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። ብቻውን የሚጫወት ልጅ ሥራውን አስቀምጦ ሲወጣ ዓለሙ እንዳለ ይቆያል፤ ግድግዳው ሳይፈርስ፣ በጉ ሳይጠፋ፣ ካቆመበት ሰዓትና ቦታ ይጠብቀዋል። ሰርቨር ላይ ያለው ዓለም ግን እርሱ ቢወጣም ሌሎቹ ይቀጥሉበታል። ይህ ለእኛ ቤት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናት ሰንበትን ለመቀበል ስትጣደፍ «ዝጋ!» «ቆይ፣ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው!» የሚለው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚነሣው ከሰዎች ጋር ተያይዞ በሚጫወት ልጅ ላይ ነው። ሰርቨር ሰንበት አያከብርም። ለብቻ የተሠራው ዓለም ግን ዓርብ ተዘግቶ ቅዳሜ ማታ ቢከፈት ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የባለቤትነት ነገር ነው። ብዙ ሰው በሚገባበት ዓለም ውስጥ የሰውን ሥራ ማፍረስ ደስ የሚያሰኛቸው ሰዎች አይጠፉም። ድርጊቱ ራሱ «ግሪፊንግ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ሰውን ማስመረር እንደ ማለት ነው። ልጁ ለሳምንታት የደከመበትን ቤት አንድ የማያውቀው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል። እኛ በደቦ እናምናለን፤ ነገር ግን ደቦን እናስታውስ። ደቦ ባለቤት አለው። ቤቱ የት እንደሚቆም፣ በሩ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ጠሪው ነው፤ የተጠራውም ሰው ጠላውን ጠጥቶ ሲወጣ ግድግዳውን በእግሩ አይደረምስም። ባለቤትና ሥርዓት የሌለው ሰርቨር ደቦ ሊባል አይችልም፤ የገበያ ግርግር ነው። ከዚያ ሸሽቶ የወጣ ልጅ ደቦን የጠላ አይምሰላችሁ።

ሦስተኛው ምክንያት አንደበት ነው። አንድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች በጆሮ ማዳመጫ ይነጋገራሉ ወይም ይጻጻፋሉ። በዚያ መካከል ወዳጅነት ይገኛል፤ ስድብም ይገኛል። ስሙንና ፊቱን ደብቆ የሚናገር ሰው ለልጅ የማይነገር ነገር ይናገራል፤ በቆዳ ቀለም መስደብም ከዚሁ አንዱ ነው። አንዳንዱም ሕፃን መስሎ ሕፃናትን ያታልላል። የእስራኤል መንግሥት በ2018 በኢንተርኔት ላይ በልጆች ላይ ለሚደርስ ጥቃት 105 የተባለውን የስልክ መስመር የከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ቁጥር በማቀዝቀዣው በር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት። ልጅ «ብቻዬን ይሻለኛል» ሲል አንዳንድ ጊዜ የሰማውን ሳይነግረን ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላልና በቁጣ ፈንታ በእርጋታ «ከዚያ ምን ሰምተህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከት ይመስለኛል። የእኛ ልጆች ቀኑን ሙሉ በሰው ዓይን ሥር ናቸው። በክፍል ውስጥ ይታያሉ፤ በአውቶቡስ ይታያሉ። ብዙዎቹ ደግሞ የቤተሰባቸው አስተርጓሚ ናቸው፤ ባንክ ይሄዳሉ፣ ኩፓት ሖሊም ይሄዳሉ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ያነባሉ። አንድ ቃል ቢሳሳቱ ቤተሰቡን የሚጎዱ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ማታ ላይ ማንም የማያየው፣ ተሳስቶ አፍርሶ እንደገና ቢሠራ ማንም የማይስቅበት ቦታ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ጣሪያው ቢጣመም ያፈርሰዋል፤ ድልድዩ ባይደርስ ያረዝመዋል። እንደዚያ ሲሠራ ያረፈ ሰው ነው።

ይህ ፍላጎት የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። ዊል ራይት የተባለ አሜሪካዊ ያዘጋጀውና በ1989 የወጣው ሲምሲቲ የተባለ ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን ከተማ የሚቆረቁርበት ነበር። በ2013 አሳታሚው ኩባንያ አዲሱን ሲምሲቲ ሲያወጣ ማንኛውም ተጫዋች፣ ብቻውን መጫወት ቢፈልግ እንኳ፣ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ አስገደደ። በመክፈቻው ሰሞን የኩባንያው ኮምፒዩተሮች የገባውን ሕዝብ መሸከም አቃታቸው፤ ገንዘባቸውን የከፈሉ ብዙ ሰዎች መግባት ተሳናቸው። ቅሬታው በረታ፤ በ2014ም ኩባንያው ያለ ኢንተርኔት ብቻ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ ጨመረ። እንግዲህ ከተማውን ብቻውን መሥራት የሚፈልግ አዋቂም ብዙ ነው ማለት ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም፤ በገዛ ሠፈራችን ምሳሌ አለን። ደራሲው ሽሙኤል ዮሴፍ ዓግኖን ከ1931 ጀምሮ በ1970 እስኪሞት ድረስ የኖረው በዚሁ በታልፒዮት፣ በክላውስነር ጎዳና ነው፤ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመኪና ድምፅ ሥራውን እንዳወከበት ለማዘጋጃ ቤቱ ቢያመለክት መንገዱ ለመኪና ተዘጋ፤ ደራሲ በሥራ ላይ ነውና ተሽከርካሪ እንዳይገባ የሚል ምልክትም ተተከለ። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ እንዲሠራ መንገድ ተዘጋለት። ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነውና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎብኙት።

ሌላው ኤሊዔዘር ቤን-የሁዳ ነው። በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በሚገኘው ቤት ሲኖር በታላቁ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላቱ ላይ ደክሟል። በታልፒዮትም ቤት አሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሳይገባበት በ1922 ዐረፈ። 17 ቅጾች ያሉት መዝገበ ቃላት በሌሎች እጅ የተፈጸመው በ1959 ነው። አንድ ሰው ለብቻው የጀመረውን ብዙዎች ፈጸሙት፤ ዛሬም የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ከዚሁ ሰው ቤት ግን ማስጠንቀቂያም እናገኛለን። የበኩር ልጁ ኢታማር ቤን-አቪ ዕብራይስጥ ብቻ እየሰማ እንዲያድግ ሲባል በሕፃንነቱ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ልጁ ያን ብቸኝነት አልመረጠውም፤ ሌላ ሰው ጫነበት። ልዩነቱን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጅ ወዶ ለብቻው ሲሆን ሌላ ነገር ነው፤ ሌሎች ገፍተውት ለብቻው ሲቀር ሌላ ነገር ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ክፍል ዘግተው ይቀመጣሉ። የወላጅ ሥራ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ሊቃውንቱስ ምን ይላሉ? ሚልድሬድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 ባወጣችው ጥናት የትናንሽ ልጆችን ጨዋታ በደረጃ ከፋፍላ ነበር፤ ብቻ መጫወት ከታችኞቹ ደረጃዎች፣ ተባብሮ መጫወት ከላይኛው ተመደበ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ለብቻ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ አንድ ነገር እየሠሩ ብቻ መጫወትም የአለመብሰል ምልክት እንዳልሆነ አስረድተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱስን አስገብቷል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ጨዋታውን ማስቀደም፣ ጉዳት እያደረሰም መቀጠል። ይህም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ብቻውን ወይስ ከሰው ጋር የሚል መለኪያ በውስጡ የለም። ከሃያ ሰው ጋር የሚጫወት ልጅ ሊታመም ይችላል፤ ብቻውን የሚጫወት ልጅ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መቼ እንሥጋ? ልጁ ቀድሞ የሚወዳቸውን ጓደኞች በድንገት ከተወ፣ ከእንቅልፉና ከምግቡ ከጎደለ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ከጠላ፣ የሚሠራውን ለማንም ማሳየት ካልፈለገ፣ ወይም መሥራቱንም ትቶ ዝም ብሎ ስክሪኑን የሚያይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ልጁ ተኝቶ የሚነሣ፣ በልቶ የሚጠግብ፣ ትምህርቱን የሚከታተል፣ ከጨረሰም በኋላ «ኑና እዩልኝ» የሚል ከሆነ፣ ተመስገን በሉ።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። «ኑና እዩልኝ» ሲለን እኛ ምን እንመልሳለን? «አሁን ሥራ አለብኝ»፣ «ይህን ቆሻሻ ዝጋ»፣ «እኔ ይህ አይገባኝም» ነው። ልጁ ዕብራይስጥ ይናገራል፣ እኛ አማርኛ፤ ቀድሞውንም የሚያገናኘን ድልድይ ቀጭን ነው። እርሱ ከወዲያ ማዶ ድልድይ ሲዘረጋ እኛ ከወዲህ እንቆርጠዋለን። ለብቻ የሚሠራው ልጅ ብቸኛ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንድ ምክር ልስጥ። ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ። «ይህ በር ወዴት ያስገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲለምድላችሁ ደግሞ ሥራ ስጡት፤ «አያትህ የተወለዱበትን መንደር ሥራልኝ» በሉት። ያን ጊዜ አያት ተጠርተው ይመጣሉ። ምሰሶው መካከል ላይ እንደሚቆም፣ ማገሩ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጭቃው ከጭድ ጋር እንደሚቦካ፣ ክዳኑ ምን ዓይነት ሣር እንደሆነ ይነግሩታል። ጸሎት ቤቱ የት እንደነበር፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ የት ተቀምጠው እንደሚሠሩ ይነግሩታል። ልጁ ግን ችግር ይገጥመዋል፤ ጎጆ ክብ ነው፣ የእርሱ ጡቦች ደግሞ አራት ማዕዘን ናቸው። መላ ይፈልጋል። ስፋቱ 7 ጡብ ለሆነ ጎጆ በተከታታይ 3፣ 5፣ 7፣ 7፣ 7፣ 5፣ 3 አድርጎ መሠረቱን ይደረድርና ከሩቅ ሲያዩት ክብ ይሆንለታል። በመካከሉም አማርኛ ይማራል፤ «ማገር» የሚለው ቃል ከእንግዲህ አይጠፋበትም።

እንዲህ ሲሆን ከሰው ጋር መጫወቱም በራሱ ጊዜ ይመጣል። አንድ ላይ መገንባት መልካም ፍሬ እንዳለው አልክድም፤ ከ2012 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ከጨዋታው ባለቤቶች ጋር ሆኖ፣ በናይሮቢና በሌሎች ከተሞች፣ ነዋሪዎች የሠፈራቸውን መናፈሻና አደባባይ በማይንክራፍት አብረው እንዲነድፉ አድርጓል። ልጃችሁም አንድ ቀን የአክስቱን ልጅ ወይም የጎረቤቱን ልጅ ሊጠራ ይፈልግ ይሆናል። ባለቤቱ የጠራቸው ብቻ የሚገቡበት ዝግ ዓለም ማዘጋጀት ይቻላል። ያ ጠሪ ያለው እውነተኛ ደቦ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጎትታችሁ ወደ ግርግሩ አታስገቡት። የሚጠራበት ቤት እንዲኖረው መጀመሪያ ቤቱን ይሥራ።

በአጭሩ፣ የጨዋታውን ሰዓት ወስኑ፤ እንቅልፉንና ትምህርቱን ጠብቁ፤ ሰንበትን አስከብሩ። ብቻውን መሆኑን ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ለሩብ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀምጣችሁ ያስጎብኛችሁ። የማይገባችሁን ጠይቁት፤ ማስረዳት ይወዳል።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።